ጉልቻ ሲለዋወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገሬ ሰው። መቼም ጋዜጣ የምናነብ ሰዎች ይህችን ተረት የምናውቃት ከወጥ ጋር ሳይሆን ከሹመት ጋር ነው። ሹም በተነሣ፣ ሹም በተተካ ቁጥር አንዱ ይጠቅሳታል፤ ሌላው «እውነት ነው» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ዛሬ ግን ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ትተን ተረቷን እንደ ቃሏ እንያዛት። ጉልቻው የምር ሲለዋወጥ ምን ይሆናል? እኔ እንደምጠረጥረው ይህን የተረተው ሰው ወጡን የሚበላው እንጂ የሚሠራው አይደለም። የምትሠራዋ ብትጠየቅ ኖሮ ከወጡ በፊት ዐይኗን ታነሣ ነበር።

ወደ መንዝ እንውጣ። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጓሳ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ብርድ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ እሳት ነው። እንጨት ብርቅ፣ ድንጋይ ግን ሙሉ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ካብ፣ ምርጊቱ ጭቃና እበት፣ ክዳኑ ሣር ይሆናል፤ መስኮቱ ቢኖርም ከመኖር አይቆጠርም። ምድጃው ከቤቱ ውስጥ ነው። ሰውም፣ የእህሉ ጎታም፣ ብርድ ሲጠና ጥጃና ግልገሉም አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ማድ ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ወይም ቤቱ በሙሉ ማድ ቤት ነው ቢባል ይቀላል።

አሁን እዚህ ላይ «ኋላ ቀርነት» ብሎ መፍረድ የሚቸኩል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሥ። ጭሱ ሥራ ነበረው። የሣር ክዳኑን ያደርቃል፣ ከምስጥና ከብስባሽ ይጠብቃል። ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የዘር እህል ነቀዝ እንዳይደፍረው ያደርጋል። ጣሪያው ላይ የተጋገረው ጥቀርሻ ለሣር ቤት እንደ ቀለም ነው፤ ያለ ጭስ የተተወ የሣር ቤት ቶሎ ይበሰብሳል። ሙቀቱም ያው የእንጀራው እሳት ነው፤ ሁለት ጊዜ ማገዶ አይነድም። ባጭሩ፣ አባቶች ቤቱን በደንብ አስበው ነው የሠሩት። የአሳቡን ሒሳብ የከፈሉት ግን እናቶች ናቸው። ምጣዱ ሥር ጎንበስ ብላ እፍ የምትለው፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርገው፣ ኩበት ጠፍጥፋ የምታደርቀው እሷ ናት። ኩበቱም ቢሆን ከማሳው የተነጠቀ ማዳበሪያ ነው።

ክዳኑም ማገዶውም ከአንድ ቦታ ይመጡ ነበር። ጓሳ በቄሮ ሥርዓት የሚጠበቅ የጋራ መሬት ነበር፤ አጀማመሩ ወደ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አስቦና ጌራ ወደሚባሉት አባቶች ይወሰዳል። መሬቱ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋና ሲከፈት ባለ ድርሻው ሣሩን ያጭዳል፣ አስታውን ለማገዶ ይቆርጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲሽር ቄሮም አብሮ ተዳከመ። ቤት ክዳኑን የሚያገኝበት ሥርዓት ሲላላ፣ ምድጃውም ባለበት አይረጋም።

በሌላ በኩል ሁለት እንግዶች መጥተው ነበር። አንዱ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከዚያ ወደ ደጋው ሁሉ ወጣ። ሌላው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ጭስ አያሳልፍም፤ ጥቀርሻውም ከእንፋሎቱ ጋር ተቀላቅሎ ይንጠባጠባል። ባለ ቆርቆሮው አባወራ ቤቱ እንዳይጠቁርበት ምድጃውን አወጣውና ከጓሮ ጎጆ ቀለሰለት። ልብ በሉ፤ ማድ ቤቱ የወጣው ለቤቱ ንጽሕና እንጂ ለሴትየዋ ሳንባ ታስቦ አይደለም። እሷ ጭሱን ተከትላ ወጣች። በመንዝ ብርድ ደግሞ ይህ ማለት ከፊት እሳት፣ ከኋላ ውርጭ ማለት ነው። መርሐቤቴ ወርዳችሁ በጀማና በወንጭት ሸለቆ ዳር ብታዩት ነገሩ ይለያል፤ በቆላው ሙቀት ምድጃው ከቤት ቢወጣ የሚያዝን የለም።

በቤተ መንግሥት ይህ መለያየት የቆየ ነው። ወጥ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱ፣ ጠላ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ እያንዳንዱ የራሱ አለቃ ነበረው። የከተማው ሰው ማድ ቤት አለ፤ «ኩቺና» ከሚለው ከጣሊያንኛው ቃል ጋር የሚዛመደው ኩሽና ተጨመረ፤ ዛሬ «ኪችን» ሆኗል። ስሙ ሲቀየር ቦታውም ይቀየራል።

አውሮፓውያኑም ይህን ጉዳይ በቀላሉ አልፈቱትም። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬቴ ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ሠራተኞች ቤቶች አንድ ኩሽና ነደፈች። ወርዱ 1.9፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ብቻ ነው። ሴትየዋ ከውሃው ወደ እሳቱ፣ ከእሳቱ ወደ ማዕዱ ስንት እርምጃ እንደምትሄድ ተቆጥሮ የተሠራ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ካቢኔት ቤት ገብተን የምናዝዘው ባለ አንድ ወጥ ጠረጴዛ ኩሽና የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ችግሩ፣ በዚያ እርምጃ ቆጠራ ውስጥ ምጣድ አልነበረም። ስልሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ምጣድ፣ የሊጥ እቃ፣ ሰፌድ፣ የእንጀራ እንፋሎት፣ የበርበሬ ሽታ፣ የድስቱ ትልቅነት አልታሰበም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ቪላዎች ሁለት ኩሽና ይሠራል። ውስጥ ያለው፣ ግራናይት የለበሰው፣ ለእንግዳ ዐይንና ለሻይ ነው። ወጡና እንጀራው ከኋላ፣ ሰርቪስ ቤት ነው። በ1997 ዓ.ም. ግድም የተጀመሩት ኮንዶሚኒየሞችም የጋራ ማብሰያና ማረጃ ቤት ለብቻ ተሠርቶላቸዋል። እንግዲህ ከመንዝ አባወራ በምን ተለየን?

ነገሩ የማጌጥ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። በእኛም አገር በ1980ዎቹ ዓ.ም. «ምርጥ» የተባለው የሲሚንቶ ምድጃ ወጥቷል። ምጣዱን ዙሪያውን ይከባል፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፣ ከኋላው በሚወጣው ትኩሳት ወጥ ይጣዳል። ከፍ ባለ መደብ ላይ ከተተከለ ደግሞ ወገብ ያሳርፋል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ጭስ የለውም፤ ግን ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባልና የራሱ ሽቦና ማቋረጫ ያስፈልገዋል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቦታ ሁለቱንም መያዝ ብልኅነት እንጂ ድህነት አይደለም።

አንድ ወዳጄ ከወንድሞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ መሐል ሜዳ ያለውን የእናቱን ቤት ሊያድስ ተነሣ። ፕላን አስነደፉ፤ ካቢኔቱ፣ ሴራሚኩ፣ ባለ አራት ዐይን ምድጃው ሁሉ አለበት። እናትየው ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ምጣዱ የታለ?» አሉ። አልነበረም። «ነፋሱስ በየት በኩል እንደሚመጣ ግንበኛውን ጠይቃችኋል?» አልጠየቁም። «የማድ ቤቱ በር ከቤቱ በር ፊት ለፊት ይሁን፤ በክረምት ሰፌድ ይዤ ጭቃ አልዞርም። ወለሉን ሲሚንቶ አድርጉልኝ፤ ያ የሚያብረቀርቀው ውሃ ሲነካው ይጥለኛል» አሉ።

ፕላኑ እንደ አዲስ ተነደፈ። ምርጡ ከፍ ባለ መደብ ላይ ተተከለ፣ የጭስ መውጫው ከነፋሱ ጀርባ ዞረ፣ የኤሌክትሪኩ ምጣድ ከጎኑ ተቀመጠ። ሴራሚኩ ከነካርቶኑ እስካሁን አልጋ ሥር ነው።