ራማችሁ ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው?



ሰሞኑን የራም ዋጋ ጣራ ነካ እያላችሁ ስታማርሩ እያነበብኩ ነው። እውነታችሁን ነው። አገር ቤት ለሚማር ታናሽ ወንድም ወይም ለእህት ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ፣ ራም ጨምሮበት፣ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ሻንጣ መላክ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ስለዚህ ነገሩ ኪሳችንን ይነካል። ዛሬ ራሙን ማን እንደሠራው ከጥቁሩ ቺፕ ላይ እንዴት እንደሚነበብ፣ ከዚያም እዚያ ላይ የሚጻፉት ስሞች እንዴት ተመናምነው በዋናነት ሦስት እንደቀሩ ላውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ስቲከሩን እርሱት። ስቲከሩ የሚነግራችሁ የሸጠላችሁን ነው። ኪንግስተንን ውሰዱ፤ ጆን ቱ እና ዴቪድ ሰን የተባሉ ሁለት ስደተኞች በ1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያቋቋሙት ትልቅ ድርጅት ነው። ቺፑን ግን ከአምራቾች ይገዛል። ዛሬ የገዛችሁት የሳምሰንግ ቺፕ ያለበት፣ ከስድስት ወር በኋላ የምትገዙት ደግሞ በዚያው ስቲከር የሌላ ፋብሪካ ቺፕ ያለበት ሊሆን ይችላል። እውነተኛው መታወቂያ ቺፑ ላይ የተጻፈው ደቃቅ ጽሑፍ ነው። ስልካችሁን አውጡና አጉልታችሁ ፎቶ አንሱት።

የሳምሰንግ ከሆነ በኬ ፊደልና በ4 ቁጥር ይጀምራል። ቀጥሎ ያለው ፊደል ትውልዱን ይናገራል፤ ቲ ዲዲአር 2፣ ቢ ዲዲአር 3፣ ኤ ዲዲአር 4 ነው። የኤስኬ ሃይኒክስ የድሮዎቹ በኤችዋይ፣ በኋላ የመጡት በኤች 5 ይጀምራሉ። የማይክሮን ሙሉ ስሙ በኤምቲ ይጀምራል፤ 41 ከተከተለ ዲዲአር 3፣ 40 ከተከተለ ዲዲአር 4 ነው። ትንንሾቹ ቺፖች ላይ ግን ቦታ ስለማይበቃ ማይክሮን በዲ 9 የሚጀምር አምስት ፊደልና ቁጥር ብቻ ይጽፋል፤ ፍቺውን ከድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ማየት ነው።

ከዚያ ሂሳብ ሥሩ። የሳምሰንጉ ቺፕ ከትውልዱ ፊደል ቀጥሎ 8ጂ ካለ 8 ጊጋቢት ማለት ነው፤ ጊጋባይት አይደለም። 8 ቺፕ ካለው 8 ጊዜ 8፣ 64 ጊጋቢት፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ስታካፍሉት 8 ጊጋባይት። ስቲከሩ 16 እያለ የቺፖቹ ድምር 8 ከሆነ ሻጩን ጠይቁት። ዘጠነኛ ቺፕ ካያችሁ ደግሞ ስህተት የሚያርም፣ ብዙውን ጊዜ የሰርቨር ራም ነው፤ የቤት ኮምፒውተር ላይ ላይሠራ ይችላል።

ብዙ ቺፖች ላይ የተሠሩበትም ጊዜ አለ። 0432 ካለ የ2004 ዓመት 32ኛ ሳምንት ነው። ሳምሰንግ በሦስት ቁጥር ስለሚጽፍ 813 ካያችሁ 2008፣ 13ኛ ሳምንት ማለት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። የዛሬው ራም የተመሠረተበትን ሐሳብ ያመጣው የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ነው፤ ፓተንቱን በ1968 አገኘ። በ1970 ኢንቴል 1103 የተባለውን ቺፕ ገበያ ላይ አወጣ። 1024 ቢት ብቻ ነበር የሚይዘው። እጃችሁ ላይ ያለው አንድ 8 ጊጋቢት ቺፕ ከ8 ሚሊዮን በላይ የሆኑትን እነዚያን ቺፖች ይተካል።

ያኔ ገበያው የአሜሪካኖች ነበር። በ80ዎቹ ጃፓኖች መጡ፤ ኤንኢሲ፣ ሂታቺ፣ ቶሺባ፣ ፉጂትሱ፣ ሚትሱቢሺ። ጥራታቸው ከፍ፣ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነበር። በ1985 ኢንቴል ራሱ የጀመረውን ሥራ ትቶ ወጣ። በ1986 የአሜሪካና የጃፓን መንግሥታት ስለ ቺፕ ንግድ ስምምነት እስከ መፈራረም ደረሱ።

ከአሜሪካኖቹ የተረፈው ማን ይመስላችኋል? በ1978 አይዳሆ ግዛት ቦይሲ ከተማ የተቋቋመው ማይክሮን። ገንዘብ ካፈሰሱለት ሰዎች አንዱ ለማክዶናልድ የድንች ጥብስ በማቅረብ የታወቀው የድንች ከበርቴ ጄ.አር. ሲምፕሎት ነበር። ሳምሰንግ በ1983 ወደ ራም ሲገባ የ64 ኪሎቢት ቺፕ ንድፍ በፈቃድ የወሰደው ከዚሁ ከማይክሮን ነው። በኋላ ተማሪው አስተማሪውን በለጠው።

ከዚያ መውደቅ ሆነ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሜሞሪ ሥራውን በ1998 ለማይክሮን ሸጠ። ከእስያው የገንዘብ ቀውስ በኋላ፣ በ1999፣ ሃዩንዳይ የኤልጂን የቺፕ ድርጅት ጠቀለለ፤ በ2001 ስሙ ሃይኒክስ ሆነ፣ በ2012 ኤስኬ ገዛው። የጀርመኑ ሲመንስ የቺፕ ክፍል ኢንፊኒየን ሆነ፣ የራም ሥራው ደግሞ ኪሞንዳ ተብሎ ተለየ፣ እሱም በ2009 መክፈል አቅቶት ወደቀ። ኤንኢሲና ሂታቺ የራም ሥራቸውን አዋህደው የመሠረቱት ኤልፒዳ በ2012 ከሰረ፤ በ2013 ማይክሮን ወሰደው። ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች ደግሞ ከደለስ ኤርፖርት ብዙም የማይርቀውን የማናሳስ ፋብሪካ እናውቀዋለን። አይቢኤምና ቶሺባ በሽርክና ያቋቋሙት ነበር፤ ቶሺባ ከራም ሲወጣ በ2002 ማይክሮን ገዛው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ያረጀ ኮምፒውተር ክፈቱ፤ ሂታቺ፣ ኤልፒዳ፣ ኪሞንዳ የሚሉ ቺፖች ዛሬም ሲሠሩ ታገኛላችሁ። የሠሯቸው ድርጅቶች ግን ወይ ፈርሰዋል ወይ ራም መሥራት ትተዋል።

ይህ ለምን እኛን ይመለከታል? ሻጭ ሲያንስ ገዢ ይከፍላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን እነዚህም አውቀውታል። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2002 ተመካክረው የራም ዋጋ በመወሰናቸው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከሰሳቸው። ኢንፊኒየን 160 ሚሊዮን፣ ሃይኒክስ 185 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግ 300 ሚሊዮን፣ ኤልፒዳ 84 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተቀበሉ። ድምሩ 729 ሚሊዮን። ማይክሮን ቀድሞ ከመርማሪዎች ጋር ስለተባበረ ከቅጣቱ አመለጠ። ልብ በሉ፣ ያኔ እንኳ ከሦስት በላይ ነበሩ።

ዛሬ አብዛኛው ገበያ በሳምሰንግ፣ በኤስኬ ሃይኒክስና በማይክሮን እጅ ነው። የታይዋኑ ናንያና የቻይናው ሲኤክስኤምቲ አሉ፤ ግን ገና ያን ያህል አልገፉም። አሁን ለዋጋው መናር ማንም መመካከር አላስፈለገውም፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽኖች የሚፈልጉት ውድ ሜሞሪ የፋብሪካዎቹን አቅም እየወሰደው ነው። ማይክሮን በ2025 መጨረሻ ለእኔና ለእናንተ የሚሸጥበትን ክሩሻል የተባለ ስም እንደሚያቆም አስታወቀ። እኛ ከሰልፉ ኋላ ነን።

ዋጋ ሲንር ደግሞ አጭበርባሪ ይበዛል። ቺፕ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፍቆ ፈጣን ነው ብሎ እንደገና መጻፍ ከ90ዎቹ ጀምሮ ያለ ሥራ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ እነዚህን እዩ። የቺፖቹ ገጽ አንዱ ሻካራ ሌላው ለስላሳ ነው? በአንድ ራም ላይ ያሉት ጽሑፎች ይለያያሉ? ራሙ ላይ ስለ ራሱ መረጃ የያዘች ትንሽ ቺፕም አለች፤ ሲፒዩ ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያነብባታል። እሷም እንደገና ልትጻፍ ስለምትችል ብቻዋን አትመኗት፤ ከጥቁሩ ቺፕ ጽሑፍ ጋር አስተያዩ። የብረት ሽፋን ካለው ግን አትላጡት፣ ዋስትናው ይቀራል፤ እዚያ ላይ ፕሮግራሙ ይበቃችኋል።

አገር ቤት የሚጠብቀው ልጅ ራሙ ባይሠራ የሚመልስበት ሱቅ የለውም። ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እዚሁ አንብቡት፣ እዚሁ ሞክሩት። ማንበብ ያቃታችሁ ቺፕ ካለ ፎቶውን ኮሜንት ላይ ጣሉት፤ አብረን እናነበዋለን። ላፕቶፕ ሊልክ ላሰበ ሰው ሼር አድርጉለት።

መልካም የሥራ ሳምንት!