የቀጣሩ መነኩሴና የእኛ ሐሳብ

ቀጣር ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ዶሃ፣ እ.ኤ.አ. የ2022ቱ የዓለም ዋንጫ፣ ሻንጣቸውን ይዘው ቦሌ የሚሰለፉት እህቶቻችን… «መነኩሴ» ብሎ የመለሰ ካለ እጅ ሰጥቻለሁ! በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ያ አካባቢ በሶርያ ቋንቋ «ቤት ቀጥራዬ» ይባል ነበር፡፡ ጳጳሳትና ገዳማት የነበሩት የክርስቲያን አገር ነው፡፡ የአብነት ተማሪዎቻችን ከአራቱ ጉባኤያት አንዱ በሆነው በመጻሕፍተ መነኮሳት የሚማሩት የ«ማር ይስሐቅ» ባለቤትም የተወለደው እዚያ ነው፡፡

ይስሐቅ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኩሴ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ከ661 እስከ 680 ቤተ ክርስቲያኒቱን የመራው ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው፡፡ ነነዌ ማለት የዛሬዋ ሞሱል ናት፡፡ ስንት ጊዜ ቆየ? አምስት ወር! ምክንያቱ እንዲህ ተብሎ ይተረካል፡፡ አበዳሪና ተበዳሪ ተካሰው ፊቱ ቀረቡ፡፡ ይስሐቅ ወንጌልን ጠቅሶ አበዳሪውን ጥቂት እንዲታገሥ ለመነው፡፡ ሰውየው ግን ወንጌሉን ለጊዜው ወዲያ በለው ብሎ መለሰለት፡፡ ይስሐቅም ወንጌል እዚህ ቦታ ከሌለው እኔ ምን አደርጋለሁ ብሎ ሹመቱን ትቶ ሄደ፡፡ የሄደው ዛሬ ደቡብ ምዕራብ ኢራን ወደሆነው ወደ ኩዚስታን ተራሮች ነው፡፡ ምግቡ በሳምንት ሦስት ዳቦና ጥቂት አትክልት ነበር ይባላል፡፡ ከንባብ ብዛት ዓይኑ ጠፋ፤ ያን ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ትምህርቱን ይጽፉለት ጀመር፡፡

ታዲያ ይህ ሰው ስለ ሐሳብ ምን አገባው?

«በኀልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር» የሚለውን የማያውቅ የኦርቶዶክስ ልጅ የለም፡፡ ኀልዮ፣ ማለትም ሐሳብ፣ ከንግግርና ከድርጊት ቀድሞ የተቆጠረው በአጋጣሚ አይደለም፡፡ ከይስሐቅ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የግብጽ በረሃ መነኩሴው ኤቫግሪዮስ ሰውን የሚፈትኑ ስምንት ሐሳቦችን ለይቶ ጽፎ ነበር፡፡ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ገንዘብ መውደድ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ስልቹነት፣ ከንቱ ውዳሴና ትዕቢት ናቸው፡፡ ሐሳብ መምጣቱ በእጃችን አይደለም፣ ማደር አለማደሩ ግን በእጃችን ነው ይላል፡፡ እኔን በጣም የገረመኝ ስለ ስልቹነት የጻፈው ነው፡፡ መነኩሴውን የሚይዘው ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ አልሄድ ትለዋለች፣ በመስኮት ያያል፣ ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ አልደረሰ ብሎ ይወጣል ይገባል፡፡ አቆጣጠሩ የእኛው የሐበሻ ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ጾም የሚፈታበት ነው፡፡ ቢሮ ተቀምጦ በየደቂቃው ስልኩን የሚነካካ ሰው ራሱን እዚህ ያገኘዋል፡፡

ኤቫግሪዮስ መነኮሳቱን የሚመክረው ሐሳባቸውን እንዲታዘቡ ነው፡፡ የትኛው መቼ ይመጣል? የትኛው የትኛውን ይከተላል? ከንቱ ውዳሴ ለምሳሌ መሰሪ ነው፡፡ ሌሎቹን አሸነፍኩ ባልክበት ቅጽበት ይመጣል፡፡

ይስሐቅ ኤቫግሪዮስን አንብቦታል፣ ይወደዋልም፡፡ ከዚያ ግን አንድ እርምጃ ይጨምራል፡፡ በእሱ አስተያየት የራሱን ኃጢአት ያየ ሰው በጸሎቱ ሙታንን ከሚያስነሣ ይበልጣል፤ ራሱን ማየት የቻለም መላእክትን ከማየት የሚበልጥ ነገር አግኝቷል፡፡ ይህ ለከተማ ልጅ ጆሮ ይከብዳል፡፡ ዛሬ አስፋልት ዳር የሚሸጡት መጻሕፍትም፣ አንዳንድ ሰባኪዎችም፣ ትልቅ አስብ ትልቅ ትሆናለህ ነው የሚሉን፡፡ ሐሳብ ኃይል አለው በሚለው ይስሐቅም ይስማማል፡፡ ልዩነቱ እነሱ ሐሳብን መኪና እንዲያመጣ ይልኩታል፣ እሱ ደግሞ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፡፡ ሙት ያስነሣ ሰው ዙሪያውን አጨብጫቢ አለው፤ ራሱን ያየ ግን ማንም አያጨበጭብለትም፡፡

ራስን መጥላት ነው ወይ የሚያስተምረን? አይመስለኝም፡፡ ለይስሐቅ ትሕትና መለኮት የለበሰው ልብስ ነው፤ ቃል ሰው ሲሆን የለበሰው ማለቱ ነው፡፡ እንዲህ ያለ ልብስ የለበሰ ሰው ራሱን የሚረግምበት ምክንያት የለውም፡፡ «እኔ ምናምንቴ» እያሉ በየሰዉ ፊት ማልቀስም እኮ ከስምንቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ሰባተኛውን ተመልከቱ!

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለነበርኩ ደራሲው ማነው የሚለው ጥያቄ አይለቀኝም፡፡ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን በሌሎቹ ዘንድ «ንስጥሮሳዊት» ተብላ የተወገዘች ናት፡፡ መጽሐፉ ግን ድንበር አላወቀም፡፡ ኢየሩሳሌም አጠገብ ባለው የማር ሳባ ገዳም ወደ ግሪክ ተተረጎመ፤ ተርጓሚዎቹ እንደ ኤቫግሪዮስ ያሉትን አስቸጋሪ ስሞች በሌሎች አባቶች ስም ተኩላቸው፡፡ እኛ ጋም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ገባ፡፡ አጠገቡ የሚነበበው «ፊልክስዮስ» የተሰየመው በመቡጉ ኤጲስ ቆጶስ ስም ነው፤ አጥኚዎች እንደሚሉት ግን የጻፈው ዳዲሾ ነው፣ እሱም የቤት ቀጥራዬ ሰው! ስሙ ተቀየረ፣ ሐሳቡ ተረፈ፡፡

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ፖፕ ፍራንሲስ ይስሐቅን በሮማ የቅዱሳን መዝገብ አስገቡት፡፡ ሩሲያ ውስጥ ደግሞ ዶስቶየቭስኪ «ካራማዞቭ ወንድማማቾች» ውስጥ መጽሐፉን ለሽማግሌው አገልጋይ ለግሪጎሪ ሰጥቶታል፤ ሽማግሌው ለዓመታት ያነበዋል፣ ምንም አይገባውም ማለት ይቻላል፡፡ በኋላ ያው መጽሐፍ ነፍሰ ገዳዩ ስመርዲያኮቭ ጠረጴዛ ላይ ይታያል፤ የሰረቀውን ሦስት ሺህ ሩብል የሚሸፍነው በእሱ ነው፡፡