ከእንጦጦ ግርጌ፦ የጉለሌ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች

ጉለሌ ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው እንጦጦ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ነበር። ተራራው ግን ብርዳም ነው፤ ማገዶውም እየተመናመነ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ ከዘውዱ ቀደም ብለው፣ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አቅራቢያ ቤት አሠርተው ስለነበር ቤተ መንግሥቱም ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ወደዚያው ወረደ።

ከዚያ ሁሉ በፊት አካባቢው የጉለሌ ኦሮሞዎች ቀዬ ነበር። ክፍለ ከተማው ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

አዲሲቱ ከተማ አዲስ አበባ ስትሰፋ ልብስ የሚሠራላት፣ ማብሰያ የሚያበጅላት ሰው ፈለገች። ከጋሞ ደጋ፣ በተለይ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ሥራው ዛሬም በዚያው መልክ ይሠራል። ሴቶች ጥጡን ባዝተው በእንዝርት ይፈትላሉ። ሸማኔው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ ድሩን ከማጉ ያዋህዳል። ሁለት ድርብ ከሆነ ነጠላ፣ አራት ድርብ ከሆነ ጋቢ ይወጣዋል። ትዕግሥትና ዓይን የሚፈትነው ግን ጥለቱ ነው። መስከረም ሲጠባ ብዙዎቹ ሸማኔዎች መስቀልን ከዘመድ ጋር ለማክበር ወደ ጋሞ ይወጣሉ።

ቀጨኔ ደግሞ የሸክላ ሰፈር ነው። እናቶች ጭቃውን አቡክተው ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን በእጃቸው ያበጃሉ፤ ከደረቀ በኋላ በእሳት ይተኩሱታል።

እነዚህ ሰዎች ግን በሙያቸው ተሰድበዋል። ሸማኔው በሥራው ተንቋል፤ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተብላለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም፤ ከቀጨኔ ሰዎች መካከል ማንነታቸውን ሸሽገው የኖሩ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ግን ለበዓል የእነሱን ሸማ ለብሶ፣ በእነሱ ጀበና የተፈላ ቡና ይጠጣል።

አሁን ከውጭ የሚገባ የማሽን ጥለት በርካሽ እየተሸጠ የሸማኔውን ገበያ ይሻማዋል። ስለዚህ የእንጦጦን ሙዚየም ያየ እንግዳ ቁልቁል ወርዶ ሽሮ ሜዳንና ቀጨኔንም ይጎብኝ። የጉለሌን ቅርስ የሚመዘግቡ ሁሉም ከዘውዱ ታሪክ ጎን የእነዚህን ባለሙያዎች ታሪክ ይጻፉ፤ አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉም ይጠይቋቸው።