«ከበረረ በኋላስ ያርፋል?»

ባለፈው ሰሞን ጓደኛዬን ተከትዬ ጋራዥ ሄጄ ነበር። አባቱ የጭነት መኪና አላቸው። መኪናው በዕድሜ የሁለታችንም ታላቅ ነው፤ እኛ ስንወለድ ይሠራ ነበር፣ አሁንም ይሠራል። ጋሼ የፈለጉት ብዙ አልነበረም፤ ከአባይ በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ማቃሰቱን እንዲተው ብቻ ነው። መካኒኩ መልስ አላጣም።

«ጋሼ፣ ቱርቦ እንግጠምለትና ፖምፓውን ከፈት እናድርግለት። ይበርልዎታል!»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ። «ከበረረ በኋላስ ያርፋል?»

ሁላችንም ሳቅን። እኔን ግን ጥያቄው ቤት ድረስ ተከተለኝ። ያ መኪና የሚሸከመው ሲሚንቶና እህል ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም ተጭኖበታል። ደግሞስ የጋሼ ጥያቄ መቼ አዲስ ሆነና? መሐንዲሶች ከመቶ ዓመት በላይ ሲታገሉት የኖሩት ጥያቄ ነው። እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጭስ የተገኘ ሀብት

ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 በጀርመኗ አውግስቡርግ ከተማ ያሳየው ሞተር ነዳጅ ቆጣቢ ነበር፤ ግን ግዙፍና ከባድ ነበር። የናፍታ ሞተር ጉልበት የሚመጣው ከሚያቃጥለው ናፍታ ነው። ናፍታው በደንብ እንዲቃጠል ደግሞ በቂ አየር ያስፈልገዋል። አየር ሳይጨምሩ ናፍታ ብቻ ቢጨምሩ ትርፉ መንገደኛውን የሚያስል ጥቁር ጭስ ነው።

ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 አንድ ሐሳብ አስመዘገበ። በጭስ ማውጫ ወጥቶ የሚባክነው ትኩስ ጋዝ ተርባይን ያሽከርክር፤ ተርባይኑ በዘንግ የተያያዘውን መጭመቂያ ያሽከርክር፤ መጭመቂያው ደግሞ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ያስገባ። ዛሬ ቱርቦ የምንለው ይኸው ነው።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ፍሬ ለማፍራት ግን 20 ዓመት ፈጀ። ተርባይኑ የሚሽከረከረው በሚፋጅ ጋዝ መሃል ነዋ! በ1925 ቡኺ ባለ 10 ሲሊንደር የመርከብ ሞተር ላይ ቱርቦ ገጥሞ ጉልበቱን ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት አደረሰው። ሞተሩ «ፕሮይሰን» እና «ሀንዘሽታት ዳንዚግ» በተባሉ ሁለት የጀርመን የመንገደኞች መርከቦች ላይ ሥራ ጀመረ። ሲሊንደር ሳይጨመር ከ40 በመቶ በላይ ጉልበት ተገኘ ማለት ነው።

ቀድሞ የተነሳው አልደረሰም

አሁን ከባሕር ወደ አሜሪካው የኢንዲያናፖሊስ የመኪና ውድድር እንሻገር። በ1931 የከሚንስ ኩባንያ አንድ ናፍታ መኪና ይዞ ቀረበ። ቱርቦ የለውም፣ ፈጣንም አልነበረም። ግን 500 ማይሉን አንድም ጊዜ ለነዳጅም ሆነ ለጥገና ሳይቆም ጨርሶ 13ኛ ወጣ። አዝጋሚ፣ ግን የሚደርስ!

በ1952 ያው ኩባንያ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ 6.6 ሊትሩ ሞተር ቱርቦ ተገጥሞለታል። ሹፌሩ ፍሬድ አጋባሺያን በማጣሪያው በሰዓት በአማካይ 222 ኪሎ ሜትር ነድቶ ከ33ቱ መኪኖች ፊት ተሰለፈ። የጭነት መኪና ሞተር የሚሠራ ኩባንያ የእሽቅድምድም መኪኖችን ሁሉ አስከተለ። ጉድ ተባለ።

ከዚያስ? ከ200ው ዙር 71ኛው ላይ ቆመ። የቱርቦው አየር መሳቢያ ዝቅ ብሎ የተሠራ ስለነበር ከአስፋልቱ ላይ የጎማ ፍርፋሪ እየሳበ ታፈነ። ሞተሩን ያስቆመው የጉልበት ማነስ ሳይሆን የአየር መግቢያው ነው። አየሩ ሲታፈን ያ ሁሉ ጉልበት ምን ጠቀመ?

190ን ትቶ 115

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ከመርሴዲስ ዘንድ ነው። ኩባንያው በ1976 ታክሲና የቤት መኪና የሚነዳውን ባለ 5 ሲሊንደር 3 ሊትር ናፍታ ሞተር ወስዶ ቱርቦና የአየር ማቀዝቀዣ ገጠመለት። 80 የነበረው የፈረስ ጉልበት 190 ሆነ። ሞተሩ ሲ 111 በተባለ የሙከራ መኪና ላይ ተጭኖ በጣሊያኑ የናርዶ ሜዳ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ለቀናት ሲበር ክብረ ወሰን ሰባበረ።

በ1978 ኩባንያው ቱርቦ ናፍታውን 300 ኤስዲ በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። ስንት ጉልበት የሰጠው ይመስላችኋል? 115 ገደማ ብቻ! 190 እንደሚችል በዓይኑ ያየውን ሞተር 115 ላይ ገታው። ያም ሆኖ ለዚህች ጭማሪ ሲል ፒስቶኖቹን ከሥር ዘይት እየረጨ የሚያቀዘቅዝ መንገድ ሠራ፤ የጭስ ቫልቮቹንም ሙቀት እንዲያሸሹ ውስጣቸውን በሶዲየም ሞላ። ለጋሼ ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ። ቱርቦ ጉልበት ብቻ አይሰጥም፤ ከጉልበቱ ጋር ሙቀትና ግፊት ያመጣል። የእነሱን መውጫ ያላዘጋጀ ሰው ዋጋውን በፒስቶንና በቴስታታ ይከፍላል።

ወደ እኛ ዳገት

ታዲያ ቱርቦ ለጋሼ መኪና አይሆንም? ይሆናል እንጂ! ምክንያቱም እኛ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚሠራው አንድ አራተኛ የአየር ራሽኑ ተቀንሶበት ነው። ይህ ችግር ቀድሞ የታየው በአውሮፕላን ነበር። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 አንድ የአውሮፕላን ቤንዚን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ አስወጥቶ ሲሞክር፣ ቱርቦው በከፍታው የጠፋውን ጉልበት እንደሚመልስ አሳይቷል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቱርቦ ገጥሞ ከፍታው የወሰደውን አየር መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ናፍታው ሳይጨመር አየሩ ሲበዛ ጭሱም ሙቀቱም ይቀንሳል። ቱርቦ ገጥሞ ፖምፓውን እስከ ጥግ መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው። ያረጀ ሞተር ላይ የመጀመሪያው ምርቃት፣ ሁለተኛው ቁማር ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሞተሩ ጤና ይታይ፤ ፋሻው፣ ኩሽኔታው፣ የቴስታታው ማሰሪያ። ቀጥሎ ራዲያተሩ፣ ዘይቱና የአየር ማጣሪያው። ከዚያ ቱርቦው በመጠነኛ ግፊት ከአየር ማቀዝቀዣ ጋር፣ የጭሱን ሙቀት ከሚያሳይ ጌጅ ጋር ይግባ። ናፍታው በመጨረሻ ጥቂት በጥቂት ይጨመር፤ ዳገት ላይ ጌጁ ሲወጣ እግርን ማንሳት ነው። ፍሬኑም አይረሳ፤ ጎሃ ጽዮን የወጣ መኪና ተመልሶ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «አባዬ እኮ ያን ዕለት የወሰነው ራዲያተሩን ማስጠረግና ፋሻ ማስቀየር ነው። ቱርቦውን ገንዘብ ሲገኝ፣ በልኩ አለ» አለኝ።

መርሴዲስ 115 ላይ የደረሰበትን ነገር ጋሼ ጋራዥ በር ላይ ቆመው ደርሰውበታል።