ብሩሽ የተሸነፈው በሰዓት ነው

ሰው መኪናውን ግቢው ውስጥ በሩሎ ቀብቶ ሲወጣ እንስቅበታለን። «ግድግዳ መሰለህ እንዴ?» እንለዋለን። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ሳቃችን ትንሽ አሳፈረን።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የተቀቡት በብሩሽ ነው። ሥራው ከሠረገላ ቀቢዎች የተወረሰ ነበር። ቀለሙና ቫርኒሹ የዘይት ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። አንዱ ድርብ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ይፈገፈጋል፣ ሌላው ይደረባል። እንዲህ እየተባለ አንድ መኪና ሳምንታት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1914 ደግሞ ፎርድ የሞዴል ቲን ሻሲ በ93 ደቂቃ ይገጣጥም ነበር። ለቀለም ሳምንታት መጠበቅ ማለት ያልተሸጠ መኪና መጋዘን ሙሉ ማከማቸት ነው እኮ! ፎርድ ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲን በጥቁር ብቻ አመረተ።

እ.ኤ.አ. በ1923 ጄኔራል ሞተርስ የዱፖንትን «ዱኮ» ቀለም በኦክላንድ መኪና ላይ ሲያውል ሳምንታቱ ወደ ሰዓታት ወረዱ። ዱኮ በጣም ቶሎ ስለሚደርቅ ለብሩሽ አይመችም፤ በአየር ግፊት መርጨት ግድ ሆነ። ብሩሹ ከፋብሪካ የወጣው ሥራው አስቀያሚ ስለነበር አይደለም።

ቤቱ ለሚቀባ ሰው ደግሞ የሚያጣድፈው የለም። በ2000ዎቹ ብዙ አሜሪካውያን የብረት ዘይት ቀለም አቅጥነው፣ በስፖንጅ ሩሎ ስስ ስስ አድርገው እየደረቡ፣ በየመሃሉ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ መኪናቸውን ቀብተዋል። የድሮው ሠረገላ ቀቢ ቢያያቸው ሙያውን ያውቀው ነበር።

ወፍራሙን ቀለም በአንድ ከሰዓት ለድፎ የሚወጣውስ? በእሱ መሳቃችንን አልተውንም።