ጎታች መኪናና የምሥራቅ ጎጃም መንገድ

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ ብዕር የሚያዘነብለው ወደ ጀግናውና ወደ መሣሪያው ነው። ስንቁን ያደረሰው፣ ቁስለኛውን የመለሰው፣ በጭቃ የተያዘውን ተሽከርካሪ ጎትቶ ያወጣው ግን ከገጹ ኅዳግ አይዘልቅም። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ከተዘነጉት ባለውለታዎች አንዱን፣ ወታደራዊውን ጎታች መኪና፣ ከቢቸናና ከሞጣ መሬት ጋር አያይዞ ይመለከታል።

በቅድሚያ መሬቱን እንመልከት። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የሚያልፈው በጮቄ ተራራና በዓባይ ሸለቆ መካከል ነው። ከጮቄ የሚነሡት፣ ሙጋንና ሱሃን የመሰሉ ወንዞች ወደ ዓባይ ሲወርዱ አገሩን እየሸነሸኑት ያልፋሉ። ደጋማው ሜዳ ደግሞ በአብዛኛው ዋልካ ነው። ለጤፍ የተመቸው ይኸው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከእግርም ከጎማም ይጣበቃል። በዚህ አፈር ላይ የሚጓዝ ከባድ ተሽከርካሪ ሁሉ አንድ ቀን የሌላውን ክንድ መሻቱ አይቀርም።

ከባድ ብረትን በገደልና በጭቃ መጎተት በአገራችን ከሞተር በፊት የነበረ ሥራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ክንድ እያስጎተቱ፣ መንገዱንም ከፊት ከፊት እያስጠረጉ ወራት የፈጀ ጉዞ አድርገዋል። የመድፉ ምስል ዛሬ በአዲስ አበባ አደባባይ ቆሟል። ገመዱን የሳበው ሕዝብ ግን ስም አልተጻፈለትም።

የጭነት መኪና በብዛት ወደ ጎጃም የገባው ከ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ወረራ ጋር ነው። ከወራሪው ጦር ከባድ መኪናዎች መካከል ፊያት 634 እና ላንቻ ሮ ይገኙባቸዋል። የመጀመሪያው በሕዝብ አፍ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ስሙን አቆይቷል። ሆኖም መኪና ያለ መንገድ ኃይል የለውም። በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀን የመሳሰሉ አርበኞች የጠላትን ጦር በከተማና በምሽግ ወስነው ሲይዙት፣ የመሬቱ አቀማመጥ አጋራቸው ነበር። ይኸው መሬት ግን ለወዳጅም አይመለስም። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው በበለያ በኩል ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ የጭነት መኪናዎቹ ሊያልፉ የቻሉት ሰው ዛፍ እየቆረጠ፣ ድንጋይ እያነሣ፣ ከኋላም እየገፋ ነው። ለዘመቻው ከተሰለፉት 15 ሺህ ያህል ግመሎችም አብዛኞቹ በመንገድ አልቀዋል።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው ወታደራዊ ስምምነት መሠረት፣ ሠራዊቱ የአሜሪካን ተሽከርካሪዎች ታጠቀ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ሲያምፅ የመንግሥት ጦርና ፖሊስ ዘመተበት። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «ኦራል» እና «ዚል» የተባሉት የሶቪየት መኪናዎች የሠራዊቱ ዋነኛ ማጓጓዣ ሆኑ። እንግዲህ ወታደራዊ መኪና ነጻ አውጪንም፣ ግብር አስከፋይንም አመላልሷል። ታሪኩን የሚጽፍ ሰው አንዱን ገጽ አንሥቶ ሌላውን ሊደብቅ አይገባውም።

የጎታቹ መኪና ጥበብ በውጭ አገርም ከችግር የተወለደ ነው። አሜሪካዊው ኧርነስት ሆልምስ በቻታኑጋ ከተማ የመጀመሪያውን መጎተቻ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእርሱ ድርጅት ሁለት ክንድ ያለው ማንሻ በዳይመንድ ቲ 969 ላይ ተገጥሞ ዘምቷል፤ እንግሊዞችም ስካሜል ፓዮኒርን አሰልፈዋል። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ሞተሩ በጥርስ እየተያያዘ ዊንቹን ያዞራል፤ ዊንቹ የብረቱን ገመድ ይጠቀልላል። ገመዱ ከተያዘው መኪና ላይ በታሰረ በከራ ዞሮ ወደ ጎታቹ ሲመለስ፣ ሰበቃ የሚወስደው ሳይቆጠር፣ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ጎታቹ ራሱ እንዳይንሸራተት ጎማው በድንጋይ ይታገዳል፤ ከጠንካራ ነገርም ይታሰራል።

እንዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ማደስ ቀለም መቀባት ማለት አይደለም። ቀለም ከመቀባቱ በፊት መነበብ አለበት። የሻንሲው ቁጥርና በብረት ሰሌዳ የተቀረጸው ጽሑፍ የትውልድ አገሩን ይነግራሉ። ብሎኑ በኢንች መፍቻ የሚፈታ ከሆነ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ እንግሊዝ፣ በሚሊሜትር ከሆነ ወደ ጣሊያን ወይም ወደ ሶቪየት ያመለክታል። የቀለሙ ድርብርብ በጥንቃቄ ሲፋቅ መኪናው በስንት እጅ እንዳለፈ ይገልጣል። ከሌላ መኪና ተወስዶ የተገጠመ ባሌስትራ ወይም ካምቢዮም እንደ ጉድፍ መታየት የለበትም፤ መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን መካኒኩ መኪናውን በሕይወት ያቆየበት ማስረጃ ነውና። ተነቅሎ መጣል ሳይሆን መመዝገብ ይገባዋል።

ቋንቋችንም የዚሁ ታሪክ መዝገብ ነው። ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ከጣሊያንኛ፣ ጋራዥ ከፈረንሳይኛ፣ ዊንች ከእንግሊዝኛ መጥተው አማርኛ ሆነዋል። ወራሪው ሲባረር ቃሉ ቀረ፤ ቃሉን የራሱ ያደረገውም የጋራዡ ሠራተኛ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያሰጋው ግን እቶን ነው። አሮጌ ብረት በኩንታል ተመዝኖ ይሸጣል፤ ተቆራርጦ ይቀልጣል፤ የግንባታ ብረት ሆኖ ይወጣል። ብረቱን ለአዲስ ሥራ ማዋል ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሳይነበብ መቅለጡ ነው። አንድ ሰሌዳ ከቀለጠ በኋላ የሚመልሰው ባለሙያ የለም። ቻታኑጋ የጎታች መኪናዎችን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1995 ከፍታለች፤ በእኛም አገር ሥራው በትንሹ ሊጀመር ይችላል። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ በየጓሮው የቆመውን ተሽከርካሪ ቁጥሩንና ልኩን ይመዝግብ። ሠዓሊውና ፎቶ አንሺው መልኩን ያስቀሩት። የባህል ሠራተኛውም የአሮጌ ሹፌሮችንና የመካኒኮችን ቃል በድምፅ ይቅረጽ፤ የአስተዳደር ኃላፊውም ንብረት ከመሸጡ በፊት ይህ መዝገብ መሟላቱን ይጠይቅ። ብረቱ ዝገትን ለጥቂት ዓመታት ይቋቋማል፤ የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜ ግን ከብረቱ ያጥራልና መዝገቡ ከእነርሱ ቢጀምር ይበጃል።