ሦስት ቅዳሜ ለአንድ መጽሐፍ

«ኦሮማይ»ን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በመጀመሪያ ብቻዬን ነበርኩ፤ የፀጋዬንና የፊያሜታን ፍቅር እየተከተልኩ የጦርነቱን ገጾች ዘለልኳቸው። ሁለተኛው በ1997 ዓ.ም.፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከሥነ ጽሑፍ ክበባችን ጋር ነው።

መምህራችን መጽሐፉን ወዲያው አላስገለጡንም። የመጀመሪያውን ቅዳሜ በርእሱ ላይ ብቻ ዋልን፤ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ፣ «አበቃ፣ አለቀለት» የሚል ስሜት ያለው ቃል መሆኑን ነገሩን። በሁለተኛው ቅዳሜ ታሪኩን ዘረጉልን፤ ደርግ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ማወጁን፣ በናቅፋ ተራሮች ብዙ ወጣት መርገፉን፣ ናቅፋ ግን አለመያዟን። ሦስተኛው ቅዳሜ የደራሲው ነበር። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ ዘመቻውን በቅርብ አየ፤ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እኔ ትዕግሥቴ አልቆ፣ «ታዲያ መቼ ነው የምናነበው?» እያልኩ አጉረመርም ነበር።

ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከመካከላችን አንዱ አባቱን በ1991 ዓ.ም. በባድመ ግንባር ያጣ ልጅ ነበረ። መምህራችን ለብቻው ጠርተው ወደፊት የሚመጣውን የውጊያ ምዕራፍ አስቀድመው ነግረውት፣ በዚያን ዕለት ቢቀር እንደማይከፋቸው ገልጸውለት ኖሯል። «ቲቸር፣ እሱን ምዕራፍ እኔ ላንብበው» አላቸው። ይህን ከዓመታት በኋላ ራሱ አጫወተኝ።

ናቅፋ በደረስን ቅዳሜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበበልን እርሱ ነው። መካከል ላይ ቆመ። ማንም አላጣደፈውም፤ መምህራችንም ዝም አሉ። ከዚያ ቀጠለ። እኔ ገጻቸውን ዘልዬ ያለፍኳቸው ወታደሮች፣ ያን ዕለት የአንድ ልጅ አባት መስለው ታዩኝ።

«ይህ መጽሐፍ ለልጆች ይከብዳል» የሚል ክርክር በሰማሁ ቁጥር ያ ክፍል ይታወሰኛል። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ነገር ግን መጽሐፉን ብንደብቅበትም ሐዘኑ ቀድሞን የጓደኛዬን ቤት አንኳኩቶ ነበር።

እነሆ፣ ዛሬ እኔም አባት ነኝ። ልጄ ለ«ኦሮማይ» ሲደርስ መጽሐፉን ከመስጠቴ በፊት ሦስት ቅዳሜ እጠይቀዋለሁ። እንደ እኔ ማጉረምረሙ አይቀርም።